ጧፌ ላቦራቶሪ የገባ ጊዜ

«ሰም እሳት ላይ ሳለ ወሬ የለም!»

አባቴ ይህችን ቃል ሲደጋግማት ኖረ። ድስቱ ተጥዶ ሰሙ መቅለጥ ሲጀምር ጎረቤት «እንዴት ዋላችሁ» ልበል ብሎ ብቅ ካለ፣ በእጁ እያባረረ ይችኑ ይለዋል። እናቴ «ላሟ ገመዷን በጥሳ ሄዳለች» ልትለው ስትመጣም ይችኑ ይላታል። ላሟ በኋላ የተገኘችው ሌላ ቀበሌ ነው። አባቴ ሰም ሲቀልጥ የሚገባው ጸሎት ብቻ ነው ብሎ ያምን ነበር። ደግሞም ሰም ዓይን ይፈልጋል። ዞር ስትል ገንፍሎ ቤትህን ይበላዋል።

እኔ ዛሬ ድስቴን አውርጃለሁ። እሳቱም ጠፍቷል። ስለዚህ ባወራ አባቴ ከመቃብሩ ሆኖ አይቆጣኝም። የምቆጣው እኔው ነኝ። አዎ፣ ተቆጥቻለሁ። ከመስከረም ጀምሬ ተቆጥቼ ይኸው እስከ ዛሬ አልበረደልኝም። የንስሐ አባቴ «ልጄ፣ ቁጣህን በስግደት አብርደው» ብለውኝ ሰገድሁ። ጉልበቴ ታመመ። ቁጣዬ ግን ደህና ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ።

ሥራዬ ጧፍ ነው። መካነ ሰላም ዳር ላለችው ለእኛ ማርያም ጧፍ የምሠራላት እኔ ነኝ። ከእኔ በፊት አባቴ ነበር፣ ከእሱ በፊት አያቴ። ድስቱ የቤተ ክርስቲያኗ ነው። ለአያቴ በአደራ የተሰጠ፣ ጆሮው አንድ ጊዜ ተሰብሮ የተበየደ ትልቅ የመዳብ ድስት ነው። ትምህርት ብትለኝ ሦስተኛ ክፍል ላይ አቁሜያለሁ፤ ዳዊት ግን እደግማለሁ። ለጧፍ ይኼ ይበቃል። ማር ከተጨመቀ በኋላ የሚተርፈውን ጥቁር ሰፈፍ ትገዛለህ። በውሃ ታፈላዋለህ። በጆንያ ትጨምቀዋለህ። ሲቀዘቅዝ ሰሙ ከላይ ይረጋል፣ እድፉ ከታች ይቀራል። ታነሣውና ደግመህ ታቀልጠዋለህ፣ ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰውን ቁራጭ ትጨምርበታለህ፣ ደግመህ ታጠራዋለህ። ቢጫ ሆኖ ማር ማር ሲሸት የጥጥ ፈትሉን እየነከርህ ታወጣለህ። አለቀ። ቀላል መሰለህ? ና ሞክረው። የተቃጠለ እጅህን ስታሳየኝ አልስቅብህም።

እንግዲህ ባለፈው መስከረም፣ አንድ እሑድ ቅዳሴ ላይ፣ ጧፌ ጨሰ።

ጧፍ ይጨሳል እንዴ? የእኔ ጧፍ በሕይወቴ ጨሶ አያውቅም። ያን ቀን ግን እንደ አሮጌ መኪና ጥቁር ጭስ ለቀቀ። ወንጌል ሲነበብ ጧፍ ይዞ የቆመው ዲያቆን ማሳል ጀመረ። አንድ ጊዜ ሳለ። ሁለት ጊዜ ሳለ። ሦስተኛው ላይ ወንጌሉ ራሱ ቆመ። ሽታውማ ተወው። ቤተ መቅደሱ መነኸሪያ መነኸሪያ ሸተተ። እኔ ከወንዶች በኩል ቆሜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ደምሴ ጠራኝ። ደምሴን ታውቀዋለህ? አታውቀውም። የሰበካ ጉባኤው ምክትል ሰብሳቢ ነው። እህል የሚጭን አይሱዙ አለው። ለአይሱዙው ስለት በየወሩ በሃያ አንድ ቀን አንድ እሽግ ሻማ ይዞ የሚመጣ፣ ሲለኩሰው ሰው ሁሉ እንዲያይለት ረጅም ጊዜ የሚፈጅ ሰው ነው።

«አያ ሞላ» አለኝ፣ «ሰሙ ላይ ሻማ መቀላቀል ጀመርህ አሉ?»

«ማን አለ?» አልሁት።

«ጭሱ።»

ሰው ሳቀ። በእኔ ሳቀ! የእናቶቻቸውን ተዝካር፣ የልጆቻቸውን ክርስትና በእኔ ጧፍ ያበሩ ሰዎች ናቸው የሳቁት። እኔ ሻማ? የሱቁ ነጭ ሻማ ከነዳጅ የሚወጣ ነገር እንደሆነ ማንም ያውቃል። ንብ አይታው አታውቅም። እሱን ነው እኔ በማርያም ሰም ላይ የምጨምር? ደሜ እስከ ራስ ቅሌ ወጣ። የተናገርሁትን እዚህ አልጽፈውም፤ በግቢዋ ውስጥ ስለተናገርሁት ተናዝዤበታለሁ።

ጉባኤው ተቀመጠና ወሰነ። ኅዳር ጽዮን ከመድረሱ በፊት ሰሜ ንጹሕ መሆኑ በማስረጃ ይረጋገጥ። ካልተረጋገጠ ጧፍ ከደሴ ይገዛል፣ ሞላም ድስቱን ይመልሳል። ድስቱን! የአያቴ እጅ ያለበትን ድስት! ቃለ ጉባኤውን የጻፈው ደምሴ ነው። ጽሕፈቱ ደግሞ ያምራል። ይኼም አናደደኝ።

አሁን አንተ ብትሆን ማንን ትጠረጥራለህ? እኔ የጠረጠርሁት ሰፈፍ የሚሸጥልኝን ሰይድን ነው። ሰይድ አጅባር ገበያ ማርና ሰፈፍ ይሸጣል። አባቱም ለአባቴ ይሸጥ ነበር። አውቶቡስ ተሳፍሬ ሄድሁ። በመንገድ ሁሉ ዳዊት ልደግም አፌን ብከፍት የሚመጣልኝ የሰይድ ስም ሆነ። ደረስሁ። ሰላምታ አልሰጠሁም። ገበያው መካከል አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ ከብት የጠፋበት የሚለፍፍበት ነው። እሱ ላይ ወጥቼ «ይኼ ሰው ሰም ውስጥ ነዳጅ ይቀላቅላል! ከዚህ ሰው እንዳትገዙ!» ብዬ ጮህሁ። አህያ እንኳ ዞር ብላ አየችኝ።

ሰይድ አልጮኸም። እሱ ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። እየተራመደ መጣና ከሥሬ ቆመ።

«ሞላ፣ ወላሂ ይኼን ሰፈፍ ከንብ በቀር የነካው የለም። ካላመንኸኝ ንቧን ጠይቃት» አለኝ።

«ውሸታም!» አልሁት።

ከጆንያው አንድ ጉማጅ ቆርጦ እጄ ላይ አስቀመጠ። እንዲህም አለኝ፦ «እንካ። የፈለግኸው ዘንድ ወስደህ አስመርምር። ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ግን እዚሁ ገበያ፣ እዚሁ ድንጋይ ላይ፣ በዚሁ ድምፅህ ትናገራለህ።»

«እናገራለሁ!» አልሁ። ምን ቸገረኝ? እርግጠኛ ነበርሁ።

ከከተማችን ወጣ ብሎ ኮሌጅ አለ። እዚያ ሁሉን ነገር የሚመረምሩበት ላቦራቶሪ የሚሉት ቤት እንዳለ ሰምቻለሁ። ጧፌንና የሰይድን ሰፈፍ በነጠላ ጠቅልዬ ሄድሁ። በሩ ላይ ዘበኛው «አባባ፣ ወዴት ነው?» አለኝ። «ላስመረምር» አልሁት። «ሆስፒታሉ በዚያ በኩል ነው» አለኝ። ፊቴ ከቁጣ ብዛት የታማሚ ፊት ሆኖ ኖሯል።

ላቦራቶሪው ውስጥ ያገኘኋት ዘሐራ የምትባል ልጅ ናት። የኩታበር ልጅ ናት። ነጭ ጋዎን ለብሳ፣ ሻሿን ጥብቅ አድርጋ አሥራ፣ ብርጭቆ ታጥባለች። ያን የሚያህል ብርጭቆ ያለበት ቤት አይቼ አላውቅም፤ የሚጠጣበት ግን አንድም የለ። ነገሬን ሁሉ ዘረገፍሁላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «አብሽር አባባ፣ እናየዋለን። ግን ደብዳቤ ያስፈልጋል» አለች።

ደብዳቤ ከማን? ከከሳሼ! ተመልሼ ደምሴ ዘንድ ሄጄ ተለማመጥሁ። ጻፈልኝ። ማኅተም አደረገበት። «ተጠርጣሪውን ሰም መርምራችሁ ውጤቱን እንድትልኩልን» ይላል። ዘሐራ አንብባ ሳቀች። «ጠበቃም ይቁምለት እንዴ?» አለች። ያን ሰሞን ሁሉ ያልተናደድሁበት ሳቅ ይኼ ብቻ ነው።

ከዚያ ታስረዳኝ ጀመር። ሰም፣ አለች፣ ዋናው ነገሩ ኤስተር የሚሉት ነው። ኤስተር ማለት አሲድና አልኮል ተጋብተው አንድ የሆኑት ነው። ቅቤም ውስጥ አለ፤ ሙዝን ሙዝ ሙዝ የሚያሸተውም እሱ ነው። ይኼን ጋብቻ የሚያፈርስ ደግሞ ፖታሽ የሚሉት አለ። «እናትዎ ሳሙና ሲያጡ በአመድ ውሃ አጥበው አያውቁም?» አለችኝ። አጥባለች እንጂ። «ፖታሽ የዚያ ኃይለኛው ወንድሙ ነው በሉት። ሰሙን ከፖታሽና ከአልኮል ጋር ሁለት ሰዓት እናፈላዋለን። ባልና ሚስቱ ይፋታሉ።»

«ሻማውስ?» አልኋት።

«ሻማ አላገባም። የሚያፋታው የለም። ሌላው ሲሟሟ እሱ ለብቻው ይቀርና ሲቀዘቅዝ ደመና ሆኖ ይታያል።»

እኔ በሽማግሌነት ስንቱን ባልና ሚስት ሳስታርቅ ኖሬያለሁ። ለማፋታት ስቀመጥ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

ፍርዱ እንዲህ ነው። የፈላው ነገር እየቀዘቀዘ ሲሄድ በቴርሞሜትር ይታያል። ቴርሞሜትሩ ወደ ስድሳ አምስት ሳይወርድ ከደመነ ባዕድ ነገር አለበት። ከስድሳ አምስት በታች ወርዶ ቢደምን ግን የሰም የራሱ ጠባይ ነው፤ አያስጠይቅም። ስድሳ አምስት። ያችን ቁጥር ልቤ ላይ ጻፍኋት።

የሰይድ ሰፈፍ ግን ገና እድፋም ስለሆነ መጀመሪያ መጥራት ነበረበት። ዘሐራ በሙቅ ውሃ አቀለጠችውና አፉ ሰፊ እግሩ ቀጭን በሆነ የመስታወት ማጥለያ ላይ ወረቀት አጥፋ በዚያ ታጠልለው ጀመር። ጠብ... ጠብ... ከዚያ ቆመ። ወረቀቱ ላይ ረጋ። ሌላ ወረቀት። እሱም ረጋ። ሦስተኛውን ስታነሣ አልቻልሁም። «ልጄ፣ ሰም ብርድ አይወድም! ማጥለያሽን አሙቂው!» አልኋት። ማጥለያውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሬ አስቀመጥሁላት፤ ሰሙ እንደ ዘይት ወረደ። አየችኝ። «አባባ፣ ይኼ እኮ መጽሐፋችን ላይ አለ» አለች። እኔ መጽሐፉን አላነበብሁም። ምናልባት መጽሐፉን የጻፈው ሰው አባቴን አይቶት ይሆናል።

አሁን ደግሞ ማፍላቱ መጣ። የእኔ ጧፍና የሰይድ ሰም በሁለት ጠርሙስ ተደርገው በየላያቸው ረጅም የመስታወት ቱቦ ተተከለ። በቱቦው ዙሪያ ቀዝቃዛ ውሃ እየዞረ፣ የሚተነውን አልኮል አቀዝቅዞ ወደ ጠርሙሱ ይመልሰዋል። ነገሩ አረቄ ማውጣት ነው፤ ግን የወጣው ተመልሶ ይገባል። እንዲህ ያለ ስስት አይቼ አላውቅም። ታዲያ ቀዝቃዛው ውሃ ከየት ይምጣ? ቧንቧው ተከፈተ። «ሽርርር» አለና አየር ብቻ ወጣ። ውሃ የለም! ያን ሁሉ መስታወት ደርድሮ ውሃ የለም!

ምን ይደረግ? ጀሪካን ይዤ ወረድሁ። ቀድቼ መጣሁ። ወንበር ላይ ቆምሁ፤ ጀሪካኑን ትከሻዬ ላይ አደረግሁ፤ ዘሐራ ጎማ አስገባችበትና ውሃው ከእኔ ትከሻ እየወረደ ቱቦውን ዞሮ ባልዲ ውስጥ ይገባል። ባልዲው ሲሞላ እሷ ጀሪካኑን መልሳ ትሞላልኛለች። እንዲህ ሆኜ፣ የስድሳ ዓመት ሰው፣ የደብር ጧፍ ሠሪ፣ የኮሌጅ ቧንቧ ሆኜ ዋልሁ። ተማሪዎች በመስኮት ያዩኛል። አንዱ ፎቶ አነሣኝ። ይሁን አልሁ። ስለ ማርያም ነው አልሁ። ማፍላት ከጀመርን አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆነን መብራት ጠፋ።

ቁጭ ብዬ ላልቅስ? ምድጃው ቀዘቀዘ፣ ፍላቱ ቆመ። «ከሰል ላምጣ፤ እኔ እንዲህ ያለውን በከሰል ነው የማፈላ» አልኋት። ዘሐራ ጮኸች። «አልኮል ነው አባባ! ሁለታችንንም ወደ ሰማይ ይልከናል!» አለች። «እኔስ ንስሐ ገብቻለሁ» አልኋት። «እኔ ገና ነኝ» አለችና በሩን ዘጋችው። በነጋታው እንደገና ከሀ ተጀመረ። እንደገና ወንበር። እንደገና ጀሪካን። ትከሻዬ እስከ ዛሬ ብርድ ሲነካው ያንን ቱቦ ያስታውሳል።

መብራቱ አልጠፋም፤ ሁለት ሰዓቱ ሞላ። ከምድጃው ወረደ። መጀመሪያ የእኔ ጧፍ ነው። ዘሐራ ቴርሞሜትሩን ውስጡ አድርጋ ጠርሙሱን ቀስ እያለች ታዞረዋለች። እኔ ውዳሴ ማርያም በልቤ እላለሁ። ወሬ የለም። አባቴ ቢያየን ደስ ባለው።

ሰባ ስምንት። ጥርት ያለ ነው፣ የጠጅ መልክ አለው። ሰባ ስድስት። ጥርት ያለ ነው። ሰባ አራት። «ስብሐት ለእግዚአብሔር» ልል አፌን አሞጠሞጥሁ። ሰባ ሦስት ላይ ደመነ።

እንዴት ልንገርህ? ሐምሌ ላይ ሰማዩ በአንድ ጊዜ ጭፍግግ የሚለውን አስበው። ጠርሙሱ ጠቆረብኝ።

«ማሽኑ ተበላሽቷል!» አልሁ።

«ማሽን የለም አባባ። ጠርሙስ ነው» አለች፣ ቀስ ብላ።

እሺ። ተገኘ! ሰይድ! ያልሁት ልክ ነው! ያ ሌባ፣ ያ ንቧን ጠይቃት ባይ! አሁኑኑ አጅባር ሄጄ ድንጋዩ ላይ ወጥቼ... ዘሐራ እጇን አነሣች። «የሳቸውን እኮ ገና አላየንም» አለች።

እስካሁን ምድጃው ላይ የቆየው የሰይድ ጠርሙስ ወረደ። ሰባ ስምንት። ሰባ ሦስት። እዚህ ጋ ይደምናል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልደመነም። ሰባ። ጥርት ያለ ነው። ስድሳ ስድስት። «ደምን እንጂ!» አልሁት ጠርሙሱን። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ የሰው ሰም ቆሻሻ እንዲሆን ጸለይሁ። ስድሳ አምስት አለፈ። ስድሳ ሦስት ላይ ነው ቀስ ብሎ የደመነ።

«ይኼ ንጹሕ ነው» አለች ዘሐራ።

ወንበሩ ላይ ተቀመጥሁ። እስቲ አስብልኝ። የገባው ሰም ንጹሕ፣ የወጣው ጧፍ ቆሻሻ። በመካከሉ ያለው ማን ነው? ድስቱና እኔ። ድስቱ ደግሞ እጅ የለውም። ቁጣዬ የሚሄድበት አጥቶ ደረቴ ውስጥ እንደታሰረ ወይፈን ይዞር ጀመር።

ዘሐራ አጠገቤ ተቀመጠች። «አባባ፣ ከጆንያው እስከ ጧፉ ያለውን አንድ ሳያስቀሩ ይንገሩኝ» አለች። ነገርኋት። ማፍላቱን፣ መጭመቁን፣ መድገሙን፣ ቁራጩን መጨመሩን...

«የምን ቁራጭ?»

የምን ቁራጭ ትላለች እንዴ? አልሁ በልቤ። ሙስሊም ናትና አታውቅም፤ አስረዳኋት። በቤተ ክርስቲያን ነዶ የቀረ ጧፍ፣ መሬት ላይ የተንጠባጠበ ሰም፣ ለእግዚአብሔር አንድ ጊዜ የተሰጠ ነውና አይጣልም። ደወል ደዋዩ በቢላ እየፋቀ ይሰበስብና በጆንያ ለጧፍ ሠሪው ይሰጠዋል። ጧፍ ሠሪው አቅልጦ ጧፍ አድርጎ ይመልሰዋል። የገባው አይወጣም። አያቴም ያደርገው ነበር፣ አባቴም። ቁራጭ የጣለ ጧፍ ሠሪ በእኛ ዘንድ የለም።

ዘሐራ አሰብ አደረገችና «እዚያ የሚነደው ጧፍ ብቻ ነው?» አለች።

ጣቴን እያጠፍሁ መቁጠር ጀመርሁ።

በዓይኔ መጡልኝ። የደምሴ እሽግ ሻማ። ፈተና ሲደርስ የተማሪዎቹ ሻማ። የሹፌሩ ሻማ፣ ቪዛ የሚጠብቀው ሰው ሻማ፣ ምጥ የያዛት ሴት ሻማ። በአባቴ ጊዜ ሰው ሰም ይዞ ነበር የሚመጣ። አሁን ሁሉም ከሱቅ ነው። ሁሉም ቤተ ክርስቲያኗ ድንጋይ ወለል ላይ ይንጠባጠባል። ቢጫውና ነጩ፣ የንቧና የነዳጁ፣ አንድ ላይ ይረጋል፣ አንድ ላይ ይፋቃል፣ በአንድ ጆንያ ወደ እኔ ይመጣል። እኔም ተሳልሜ ድስቱ ውስጥ አስገባዋለሁ። ያውም ተሳልሜ!

ነጩን አላየሁትም ልበልህ? አይቼዋለሁ። ሰም ሲቆይ ይነጣል እያልሁ ዓይኔን ጨፈንሁ። ለመጣል ፈራሁ። ለመጠየቅ ሰነፍሁ። 

ከቤቴ ቁራጩን አምጥቼ በሦስተኛው ቀን ያንንም አፈላነው። ቴርሞሜትር እንኳ አላስፈለገውም። እየፈላ ሳለ እንደ ሾርባ ላይ ዘይት ዓይን አውጥቶ ተንሳፈፈ። ዓይኑን አፍጥጦ እኔን አየኝ።

የዘሐራን ውጤት ይዤ ጉባኤው ፊት ቀረብሁ። የደብሩ አለቃ አነበቡት። ደምሴ ቸኩሎ «ታዲያ ሻማ ተገኝቶበታል ማለት አይደል?» አለ።

«ተገኝቶበታል!» አልሁት። «የአንተ ነው! የአይሱዙህ ሻማ ነው! ጎማህ በፈነዳ ቁጥር የተሳልኸው ነው የተገኘው!»

«የእኔ የስለት ነው» አለ፤ ፊቱ ቀላ።

«ለዚያ ነው ያልጣልሁት! የስለት ባይሆንማ ለውሻ አልሰጠውም ነበር!»

አለቃው ጠረጴዛውን መቱ።  ከዚያ ተወሰነ። ድስቱ እኔው ዘንድ ይቆይ። ቁራጭ ከእንግዲህ አይቅለጥ። የሱቅ ሻማ ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዳይገባ ከቅዳሴ በኋላ ይነገር። እኔም ደስ አለኝ፤ ለትንሽ ጊዜ። «ያለውን ቁራጭስ ምን ላድርገው? ሦስት ጆንያ ነው» አልሁ። «ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነውና አይጣልም» አሉ አለቃው። «አይቀልጥም ተባለ እኮ» አልሁ። «አይቀልጥም» አሉ። «ታዲያ?» አልሁ። «እንጸልይበታለን» አሉ። ጆንያዎቹ እስከ ዛሬ ከአልጋዬ ሥር ናቸው። እየተጸለየባቸው ነው።

ቀጥሎ አጅባር። ቃል ገብቻለሁና ገበያው ጢም ባለ ቀን ድንጋዩ ላይ ወጣሁ። «ሰይድ ንጹሕ ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልሁ። ሰይድ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ «አልሰማሁም። ያን ቀን ድምፅህ ከዚህ ከፍ ያለ ነበር» አለኝ። ደገምሁት። «አህያዋ አልዞረችም ገና» አለ። ሦስተኛ ጮህሁ። አህያዋ ዞረች። ያኔ እጁን ሰጥቶ አወረደኝና የዓመቱን ምርጥ ሰፈፍ መረጠልኝ። ሲስቅ ደረቱ ይንቀጠቀጣል። እኔ አልሳቅሁም። መሳቁ ትክክል መሆኑ ነው ያናደደኝ።

ከዚያ ሰፈፍ ለጽዮን ጧፍ ሠራሁ። ቁራጭ የሌለበት፣ ሻማ ያልነካው። በሠራሁት ጊዜ ማንንም ቤቴ አላስገባሁም፤ ለሰላምታም አፌን አልከፈትሁም። አንዱን ለዘሐራ ላክሁላት፤ አፍልታው ስድሳ አራት ላይ ደመነ አለችኝ። እንዲህ ያለ ጧፍ አባቴም የሠራ አይመስለኝም። ይቅርታውን ይላክልኝ።

የጽዮን ዕለት ጠዋት ታቦቷ ወጣች። እኔ ከጧፎቼ ረጅሙን ይዤ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ ደምሴ የሚያየኝ ቦታ መርጬ ቆምሁ። ጧፌ ነደደ። ጭስ የለ፣ ሽታ የለ፣ ማር ማር ይላል። ከአባይ በኩል የሚመጣውን የኅዳር ነፋስ ግን ታውቀዋለህ። አንድ ጊዜ እፍ አለ። ጧፌ ጠፋ።

ክብሪቴን ፈለግሁ፤ ቤት ረስቼዋለሁ። ዘወር ስል አንዲት የማላውቃት ሴት አጠገቤ ቆማለች። ከሩቅ የመጣች ሳትሆን አትቀርም፤ ጫማዋ አቧራ ነው። የተነገረውን አዋጅ አልሰማችም። በግማሹ የተቆረጠ የውሃ ፕላስቲክ ይዛለች፤ በውስጡ፣ ነፋስ ሳይነካው፣ ነጭ የሱቅ ሻማ ቀጥ ብሎ ይነዳል። ጥቁር ጭሱ ወደ ታቦቷ ይሄዳል።  ስለ ፖታሹ ልነግራት፣ ስላላገባው ነዳጅ ልነግራት፣ ስለ ስድሳ አምስት ልነግራት አፌን ከፈትሁ። እሷ ቀደመችኝ። የጠፋውን ጧፌን አየች፣ አዘነችልኝ፣ ፕላስቲኩን ወደ እኔ ዘንበል አድርጋ እንዲህ አለችኝ፦

«አባባ፣ የእርስዎ ጠፍቷል፤ ከእኔ ይለኩሱ። አይፍሩ፣ ንጹሕ ነው፤ ከሱቅ የገዛሁት ነው።»